ክረምቱን ቆሞ የከረመ ሞተር አልነሳ ካለ፦ ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት በቅደም ተከተል የምታዩት

መስከረም ጠባ፣ ዝናቡ አባራ፣ መንገዱም መድረቅ ጀመረ። ከሰኔ ጀምሮ ሸራ ለብሶ የቆመው ሞተር ወጥቶ ኪክ ተመታ። ዝም። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ተረገጠ። አሁንም ዝም።

ክረምቱን ሞተራቸውን የሚያቆሙ ሰዎች ብዙ ናቸው። ለክረምት ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ መምህራን አሉ። መንገዱ በጭቃ ሲዘጋ በእግር ወይም በበቅሎ የሚንቀሳቀሱ የገጠር ባለሙያዎች አሉ። በሞተር ሰውና ዕቃ እያመላለሱ የሚያድሩ ወጣቶችም በዝናብ ወራት ሥራ ሲቀዘቅዝ ያቆሙታል። ለእነዚህ ሰዎች ሞተር አልነሳም ማለት ገቢ ቆመ ማለት ነው።

ችግሩን የሚያብሰው ደግሞ ድንጋጤው ነው። በመጀመሪያው ቀን አዲስ ካንዴላ ይገዛል፣ በሁለተኛው ቀን ባትሪ ይገዛል፣ በሦስተኛው ቀን ሞተሩ "ይፈታ" ይባላል። መጨረሻ ላይ ጥፋተኛዋ በደረቀ ቤንዚን የተደፈነች አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ሆና ትገኛለች።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከምንም በላይ የምናሳስባችሁ አንድ ነገር ነው፦ ሳትመረምሩ ምንም ዕቃ አትግዙ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው ነፃ ከሆነው ነገር ጀምራችሁ ወደ ውዱ ሂዱ። ሴቭ አድርጋችሁት ሞተሩ አጠገብ ሆናችሁ ደረጃ በደረጃ ተከተሉት።

▪️ ባጭሩ

ማንኛውም የቤንዚን ሞተር ለመነሳት ሦስት ነገር ይፈልጋል፦

1. ጤነኛ ቤንዚን ከአየር ጋር፣
2. በትክክለኛው ሰዓት የሚመጣ የካንዴላ ብልጭታ፣
3. ፒስተኑ የሚፈጥረው ግፊት (ኮምፕሬሽን)።

ከመቆሙ በፊት ደህና ይሠራ የነበረ ሞተር ዝም ብሎ በመቆሙ ቀድሞ የሚያጣው ቤንዚኑንና ባትሪውን ነው። ግፊቱን የሚያጣው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። "ሞተሩ ተበልቷል" የሚለው ፍርድ መጨረሻ ላይ እንጂ መጀመሪያ ላይ መምጣት የለበትም።

▪️ ሞተር ቆሞ ሲከርም ምን ይሆናል?

ቤንዚን የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው። ከእነሱ ውስጥ ሞተሩን በብርድ የሚያስነሱት ቀላሎቹ ናቸው፤ ቀድመው የሚተኑትም እነሱው ናቸው። የሚቀረው ከበድ ያለና የሚያጣብቅ ነገር ነው። ይህ በታንኩ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሆን ነገር ነው። በካርቡሬተሩ ሥር ባለችው ትንሽ ማጠራቀሚያ ውስጥ ግን ያለው ቤንዚን ጥቂት ስለሆነ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊደርቅ ይችላል። ሲደርቅ ሙጫ የመሰለ ቡናማ ነገር ጥሎ ይሄዳል። ሞተሩ ሲነሳና ያለ ነዳጅ መስጠት በዝግታ ሲዞር ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ደግሞ በትንንሽ ሞተሮች ላይ ስፋቷ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ነው። እሷን ለመድፈን ብዙ ሙጫ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ባትሪ ነው። ባትሪ ማንም ባይነካውም በራሱ ጊዜ ይደክማል። ባዶውን ብዙ በቆየ ቁጥር ደግሞ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ጠንካራ ቅርፊት ይሠራል። ያን ጊዜ ቻርጅ ቢደረግም መልሶ አይዝም።

ሦስተኛው እርጥበት ነው። የክረምቱ አየር በጎደለ ታንክ ውስጥ ገብቶ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ወደ ውሃ ጠብታ ይለወጣል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይዘቅጣል። ሞተሩ ቤንዚን የሚወስደው ደግሞ ከታች ነው።

አራተኛዋ አይጥ ናት። ሞቅ ያለና ጨለማ ቦታ ትወዳለች። የአየር ፊልትሮ ሳጥን ውስጥ ጎጆ ትሠራለች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ትቆረጥማለች።

▪️ ከመጀመራችሁ በፊት፦ እነዚህን እንዳትዘሉ

▪️ ሥራውን ደጅ አድርጉት። ሞተር ከተነሳ በኋላ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። "ለአንድ ደቂቃ ነው" ብሎ ቤት ውስጥ ማስነሳት አይገባም።

▪️ ቤንዚን ባለበት ሲጋራ፣ ሻማ፣ የከሰል ምድጃ አይኑር። ታንኩ ውስጥ ያለውን ለማየት ክብሪት ወይም ላይተር አትለኩሱ፤ የስልካችሁን መብራት ተጠቀሙ፣ ስልኩንም ከታንኩ አፍ አርቃችሁ ያዙት።

▪️ ቤንዚን በጎማ ቱቦ በአፍ ስቦ ማውጣት በየሰፈሩ የተለመደ ነው። አደገኛ ነው። አንድ ጉንጭ ወደ ሳንባ ከገባ ከባድ የሳንባ ጉዳት ያደርሳል። ሰው ቢውጥ እንዲያስታውክ አታስገድዱት፤ ሲያስታውክ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ቤንዚን ለማውጣት ከታንኩ ወደ ካርቡሬተር የሚሄደውን ቱቦ ነቅላችሁ ማውረድ በቂ ነው።

▪️ ያወጣችሁትን ቤንዚን በሃይላንድ ሞልታችሁ ቤት ውስጥ አታስቀምጡ። ከሰል ለማቀጣጠልም አትጠቀሙበት።

▪️ ደረጃ 1፦ ምንም ብር የማያስወጡ ነገሮች

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ግን ስንቱ ሞተር በፒካፕ ተጭኖ ጋራዥ ከደረሰ በኋላ አንድ ቁልፍ በመጫን ብቻ ተነስቷል!

▪️ መሪው ላይ በቀኝ በኩል ያለችውን ቀይ የሞተር ማጥፊያ እዩ። ሸራ ሲለብስ ወይም ልጆች ሲጫወቱበት ወደ "አጥፋ" ዞራ ሊሆን ይችላል።

▪️ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን። አንዳንድ ሞተሮች ማርሽ ውስጥ ሆነው ፍሪሲዮን ካልተያዘ ወይም የጎን መቆሚያው ካልታጠፈ አይነሱም።

▪️ የቤንዚን መክፈቻውን አረጋግጡ። ስታቆሙት ዘግታችሁት ሊሆን ይችላል። ታንኩ ውስጥ ያለው ጥቂት ከሆነ ወደ ሪዘርቭ አዙሩት።

▪️ ታንኩን ከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩ። ቤንዚን በዝምታ ተሰርቆም ሊሆን ይችላል።

▪️ የሞተር ዘይቱን እዩ። መለኪያውን አውጥታችሁ ስታዩት ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ዘይቱ ሳይቀየር ሞተሩን አታስነሱ።

▪️ ሽቦዎችን በዓይን ተከታተሉ። የተቆረጠመ፣ የተላጠ ወይም የተነቀለ ካለ አሁን ይታያችኋል።

▪️ ቾኩን አትርሱ። ብዙ የቆመና የቀዘቀዘ ሞተር ሲነሳ ቾኩ መሳብ አለበት፤ ነዳጅ ግን አትስጡ። ሞተሩ ተነስቶ ሲሞቅ ቾኩን ቀስ እያላችሁ መልሱ።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ካልተነሳ ወደሚቀጥለው እንሂድ።

▪️ ደረጃ 2፦ ባትሪ

የኤሌክትሪክ ስታርት ካላችሁ ቁልፉን ተጫኑና ድምፁን አዳምጡ። ድምፁ ብዙ ይናገራል።

▪️ ምንም ድምፅ የለም፣ መብራትም አይበራም፦ ባትሪው ፈጽሞ ሞቷል፣ ወይም የባትሪው ሽቦ ላልቷል፣ ወይም ፊውዝ ተቃጥሏል።

▪️ "ቀጭ ቀጭ ቀጭ" ይላል፦ ባትሪው ደክሟል ወይም የባትሪው ጫፍ ዝጓል።

▪️ በድካም አንድ ሁለቴ ዞሮ ይቆማል፦ ይህም የባትሪ ድካም ነው።

▪️ በደንብ ይዞራል ግን አይነሳም፦ ባትሪውን ተዉት። ችግሩ ቤንዚን ወይም ካንዴላ ጋ ነው፤ ወደ ደረጃ 3 ዝለሉ።

ባትሪው ከተጠረጠረ መጀመሪያ ጫፎቹን እዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዙ ጓንት አድርጋችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፣ አጥብቁም። ስትፈቱ መጀመሪያ ጥቁሩን (ኔጌቲቩን)፣ ከዚያ ቀዩን። ስትመልሱ ደግሞ ቀዩን አስቀድሙ። ይህ ቅደም ተከተል ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጥቁሩ ሳይፈታ መፍቻው ቀዩንና የሞተሩን ብረት በአንድ ጊዜ ከነካ ብልጭታ ይፈጥራል።

ቴስተር ካገኛችሁ ለክተው ይወቁት እንጂ አይገምቱት። የ12 ቮልት ባትሪ ለሰዓታት አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ሙሉ ነው። ወደ 12.4 ከወረደ ጎድሏል። 12 እና ከዚያ በታች ከሆነ ባዶ ሆኗል፤ ቻርጅ ያስፈልገዋል።

ቻርጅ ስታስደርጉ ለመኪና ባትሪ በተዘጋጀ ከባድ ቻርጀር እንዳያቃጥሉባችሁ ተጠንቀቁ። የትንሽ ባትሪ ደንቡ ከአቅሙ አንድ አሥረኛውን በሚሆን ኃይል በዝግታ መሙላት ነው። ባትሪው 5 አምፔር-ሰዓት ከሆነ በ0.5 አምፔር ይሞላል። ሰዓታት ይፈጃል፣ ግን ባትሪው ይተርፋል። ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነና ከመስመሩ በታች ከወረደ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምሩ። የቧንቧ ውሃም አሲድም አይጨመርም።

ከመኪና ባትሪ በገመድ ማስነሳት ይቻላል፤ ነገር ግን የመኪናው ሞተር መጥፋት አለበት፣ ሁለቱም ባትሪዎች 12 ቮልት መሆን አለባቸው።

ፊውዝ ከተቃጠለ በተመሳሳይ አምፔር ተኩት። በብዙ ሞተሮች ላይ መለዋወጫ ፊውዝ እዚያው ባትሪው አጠገብ ተቀምጧል። በሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት መጠቅለል ሽቦውን ሁሉ ሊያቃጥል ይችላል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ እናስታውሳችሁ። አንዳንድ ሞተሮች ብልጭታቸውን በቀጥታ ከራሳቸው ዲናሞ ስለሚያገኙ ባትሪው ሞቶም በኪክ ይነሳሉ። ሌሎቹ ግን ባትሪው ከሞተ ብልጭታም የላቸውም፣ ቀኑን ሙሉ ቢረገጡ አይነሱም። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ የካንዴላው ፈተና (ደረጃ 4) ይነግራችኋል።

▪️ ደረጃ 3፦ ቤንዚን

ቆሞ የከረመ ሞተር ላይ ዋናው ተጠርጣሪ ይህ ነው። ረጋ ብላችሁ እዩት።

መጀመሪያ አሽትቱ። አዲስ ቤንዚን ስለታም ሽታ አለው። ያረጀው ግን እንደ ቫርኒሽ ቀለም የከበደና የጎመዘዘ ሽታ ያመጣል፣ መልኩም ይጠቁራል።

ቀጥሎ የካርቡሬተሩን ማጠራቀሚያ አፍስሱ። በብዙ ሞተሮች ላይ ከካርቡሬተሩ ሥር አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። የቤንዚኑን መክፈቻ ዝጉና ብሎኗን ትንሽ ፍቱ፤ የሚወርደውን በጠርሙስ ተቀበሉ። ከዚያ ጠርሙሱን ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጣችሁ ተመልከቱት።

▪️ ምንም አልወረደም፦ ማጠራቀሚያው ደርቋል።
▪️ ከታች ብርሌ የመሰለ ንጹሕ ጠብታ ተለይቶ ተቀመጠ፦ ውሃ ነው።
▪️ ቀይ አቧራ ወርዷል፦ ታንኩ ውስጥ ዝገት አለ።
▪️ ጠቁሮ ወረደ፦ ቤንዚኑ አርጅቷል።

አሁን ብሎኗ እንደተፈታች ጠርሙሱን አስተካክላችሁ መክፈቻውን ክፈቱ። ቤንዚን ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። ጠብ ጠብ እያለ የሚወርድ ከሆነ የታንኩን ክዳን ክፈቱና ደግማችሁ እዩ። ክዳኑ ሲከፈት መውረድ ከጀመረ የክዳኑ የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራና በጭቃ ተደፍኗል ማለት ነው፤ ማጽዳት ብቻ ነው። ክዳኑ ተከፍቶም ካልወረደ የመክፈቻው ወንፊት ወይም ቱቦው ተዘግቷል።

ቤንዚኑ ያረጀ ወይም ውሃ የገባበት ከሆነ ሁሉንም አውጡትና ከማደያ የተቀዳ አዲስ ቤንዚን አስገቡ። ማደያ ላይ ሰልፍ ሲበዛ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን መግዛት ይቀናል። ግን ያ ቤንዚን ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ አታውቁም፤ ነጭ ጋዝ ወይም ውሃ የተቀላቀለበትም ሊሆን ይችላል። ችግር እየፈለጋችሁ ሌላ ችግር አትጨምሩበት።

አዲስ ቤንዚን ገብቶ ማጠራቀሚያው ከሞላ በኋላ ቾኩን ስባችሁ ሞክሩ። ብዙ ሞተሮች እዚህ ላይ ይነሳሉ።

ካልተነሳ፣ ወይም ቾክ ተስቦ ብቻ ተነስቶ ቾኩ ሲመለስ የሚጠፋ ከሆነ፣ ያቺ ጠባብ ቀዳዳ ተደፍናለች። ካርቡሬተሩ ወጥቶ መጽዳት አለበት። በእጃችሁ የምትሠሩት ከሆነ እያንዳንዱን ደረጃ በስልካችሁ ፎቶ እያነሳችሁ ፍቱ፣ ትንንሾቹን ብሎኖች በሳህን አስቀምጡ። በካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ነክራችሁ ጎሚስታ ቤት ባለው የንፋስ መጭመቂያ ንፉት፤ ዓይናችሁን ግን በመነጽር ሸፍኑ። ቀዳዳዋን በመርፌ ወይም በሽቦ አትውጉ። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳዋ በትንሹ ከሰፋች ሞተሩ ከዚያ በኋላ ቤንዚን ይበላል፣ ጥቁር ጭስም ያወጣል።

▪️ ደረጃ 4፦ ካንዴላ

ካንዴላውን ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን ንፉት ወይም ጥረጉት። አለበለዚያ አሸዋው ወደ ሲሊንደር ይገባል። ከዚያ ፈትታችሁ ጫፉን አንብቡት፦

▪️ በቤንዚን ርሷል፦ ቤንዚን እየደረሰ ነው፣ ብልጭታ ግን የለም ወይም ደካማ ነው። ወይም ደግሞ አብዝታችሁ ረግጣችሁ "ጠጥቷል"።
▪️ ፈጽሞ ደረቅ ነው፦ ቤንዚን አልደረሰም፤ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።
▪️ በጥቁር ጥላሸት ተሸፍኗል፦ በሽቦ ብሩሽ አጽዱት ወይም ቀይሩት።
▪️ ቀለል ያለ ቡናማ ነው፦ ጤነኛ ነው።

ከዚያ ብልጭታውን ፈትኑ። መጀመሪያ የቤንዚኑን መክፈቻ ዝጉ፤ የፈሰሰ ቤንዚን ካለ ጥረጉ። ካንዴላውን በቆቡ ላይ ሰክታችሁ የብረት አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩ፤ ካንዴላው ከወጣበት ቀዳዳ ግን አርቁት። ቀዳዳውን በጨርቅ ሸፍኑ፤ ከዚያ የቤንዚን ጭጋግ ሊወጣ ይችላልና። ቆቡን በባዶ እጅ አትያዙ፤ እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ፒንሳ ያዙት። ቁልፉን ከፍታችሁ ኪክ ምቱ።

ሰማያዊና "ጠቅ" የሚል ብልጭታ ካያችሁ የእሳቱ ነገር ደህና ነው። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ወይም ፈጽሞ ከሌለ መጀመሪያ ሌላ የሚሠራ ካንዴላ ተውሳችሁ ሞክሩ። ጎረቤት ካለ ሞተር መዋስ ከመግዛት ይቀድማል። በተዋሳችሁትም ካልመጣ የካንዴላው ቆብ፣ ሽቦው፣ ቦቢናው ወይም ሲዲአይ የሚባለው የብልጭታ መቆጣጠሪያ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ነው የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚያስፈልገው።

የካንዴላው ክፍተት በብዙ ሞተሮች ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው። ስትመልሱት መጀመሪያ በእጃችሁ ብቻ አዙሩ፣ መጨረሻ ላይ በመፍቻ አጥብቁ። ጥርሱ ተጣሞ ከገባ የሞተሩ ራስ አልሙኒየም ስለሆነ ይበላል፤ ያ ጥገና ከካንዴላ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ሞተሩ "ጠጥቶ" ከሆነ ደግሞ ካንዴላውን አድርቃችሁ መልሱ፣ ቾኩን ዝጉ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ከአምስት እስከ ስምንት ጊዜ ርገጡ። የተትረፈረፈው ቤንዚን በአየር ተጠርጎ ይወጣል።

▪️ ደረጃ 5፦ የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ

ብልጭታም ቤንዚንም ካለ ሞተሩ መተንፈስ መቻሉን እዩ። የአየር ፊልትሮውን ሳጥን ክፈቱ። የአይጥ ጎጆ፣ ሣር፣ የተቆራረጠ ጨርቅ ካገኛችሁ አትገረሙ። ፊልትሮው ስፖንጅ ከሆነና ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ይቀየር፤ ፍርፋሪው ወደ ካርቡሬተር ይገባል። የጭስ ማውጫውንም (ማርሚታውን) አፍ ተመልከቱ። ተርብ በጭቃ ሊደፍነው፣ ልጆችም ጨርቅ ሊወትፉበት ይችላሉ።

▪️ ደረጃ 6፦ ግፊት

ወደዚህ የምትመጡት ከላይ ያለው ሁሉ ደህና ሲሆን ነው።

ኪኩን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። ጤነኛ ሞተር አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይታገላል። ምንም ሳይታገል ልል ሆኖ የሚወርድ ከሆነ ግፊት የለም። ሌላው መንገድ ካንዴላውን አውጥቶ ቀዳዳውን በአውራ ጣት መድፈንና ሌላ ሰው ኪክ እንዲመታ ማድረግ ነው፤ የቁልፉ ማስነሻ ግን ይዘጋ። ግፊቱ ጣታችሁን ገፍቶ መውጣት አለበት።

ግፊቱ ደካማ ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምራችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። ግፊቱ ከተሻሻለ ችግሩ የፒስተን ቀለበቶቹ (ፋሻዎቹ) ናቸው፤ ከቆመበት የተጣበቁ ከሆነ ሲሠራ ሊለቁ ይችላሉ። ካልተሻሻለ ቫልቭ ላይ ነው፤ ይህ የጋራዥ ሥራ ነው።

ኪኩ ፈጽሞ አልወርድም ካለ ደግሞ አትዝለሉበት። ሞተሩ በዝገት ተይዞ ሊሆን ይችላል። በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጨምራችሁ ቢያንስ አንድ ቀን ተዉት። ከዚያ ከፍተኛ ማርሽ አስገብታችሁ የኋላውን ጎማ ወደፊትና ወደኋላ በቀስታ ወዝውዙት። ለቅቆ ከዞረ እሰየው። ካልለቀቀ በኃይል መምታት ፒስተኑን ይጎዳል።

▪️ ካርቡሬተር የሌለው ሞተርስ?

አንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች ካርቡሬተር የላቸውም፤ ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክ መርፌ (ኢንጀክሽን) ይረጫሉ። እነዚህ ላይ ነገሩ ሁሉ ባትሪው ጋ ነው። ቁልፉን ስትከፍቱ ለሁለት ሦስት ሰከንድ "ዝዝዝ" የሚል የፓምፕ ድምፅ መሰማት አለበት። ካልተሰማ ባትሪውንና ፊውዙን እዩ። ባትሪው ፈጽሞ ከሞተ ገፍቶ ማስነሳትም አይሠራም፤ ፓምፑም ኮምፒውተሩም ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉና። የሞተር ምልክት ያለው መብራት በርቶ ካልጠፋ በመመርመሪያ መሣሪያ መታየት አለበት።

▪️ ተነሳ! ከዚያስ?

ወዲያው ነዳጅ አታስጮሁት። ለጥቂት ደቂቃ በራሱ ይዙር፤ ዘይቱ እስኪዳረስ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ቀጭን ነጭ ጭስ ቢወጣ የታቆረ እርጥበት ነው፤ ሲሞቅ ይጠፋል። ሰማያዊ ጭስ ካልጠፋ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል።

ቴስተር ካላችሁ ሞተሩ እየሠራ ነዳጅ ትንሽ ሰጥታችሁ ባትሪውን ለኩ። ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው። ካልሞላ ዛሬ ተነስቶ ነገ መንገድ ላይ ያቆማችኋል።

አሁን ዋናው ነገር፦ መነሳቱ ለመንገድ ዝግጁ ነው ማለት አይደለም። ፍሬኑ በዝገት ተጣብቆ ወይም ላልቶ ሊሆን ይችላል። ሰፈር ውስጥ በዝግታ እየነዳችሁ የፊቱንም የኋላውንም ፈትኑ። የጎማውን ንፋስ ሙሉ፤ ጎኑ ተሰነጣጥቆ ከሆነ ቀይሩት። ካቴናውን አጽድታችሁ ዘይት ቀቡ። መብራትና ጡሩንባ ሞክሩ። ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ቀናቸው አልፎ እንደሆነም እዩ፤ ክረምቱ ለሞተሩ ብቻ አይደለም የሚያልፈው። ሄልሜታችሁንም አውጡት፣ አይጥ እሱንም አትምረውም።

▪️ ብርድ አገር ላላችሁ ተከታዮቻችን

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ያላችሁ ሞተራችሁን የምታቆሙት በበረዶው ወራት ነው። ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፤ ባትሪው ላይ ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብርድ የባትሪን ኃይል ይቀንሳል፤ ባዶ የሆነ ባትሪ ደግሞ በረዶ ሠርቶ ሊሰነጠቅ ይችላል። ባትሪውን ፈትታችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት ወይም ሲሞላ ራሱን በሚያስተካክል ትንሽ ቻርጀር ላይ አድርጉት። በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ካላችሁ ፀረ-በረዶ ፈሳሹን አረጋግጡ።

▪️ ለሚቀጥለው ክረምት፦ ከማቆማችሁ በፊት 20 ደቂቃ

1. ታንኩን ሙሉት። ባዶ ቦታ ካልኖረ እርጥበት የሚገባበት አያገኝም፣ የብረት ታንክም አይዝግም። ታንክ ሙሉ ቤንዚን ስለሆነ ግን ከእሳትና ከማድ ቤት ርቆ፣ አየር በሚያገኝ ቦታ ይቁም።
2. የቤንዚን መክፈቻውን ዝጉና ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አሠሩት። ከዚያ የማጠራቀሚያዋን ብሎን ፈትታችሁ የቀረውን አፍስሱ። ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው።
3. የቆሸሸ ዘይት ካለ ቀይሩት፤ አሮጌ ዘይት ውስጥ ያለው አሲድ ብረት ይበላል።
4. ባትሪውን ፍቱ፤ በወር አንድ ጊዜ ቻርጅ አስደርጉት።
5. ካቴናውን ዘይት ቀቡ፣ ሞተሩን በመሃል መቆሚያው አቁሙት።
6. የጭስ ማውጫውን አፍ በጨርቅ ሸፍኑ። ጨርቁ እንዳለ እንዳይረሳ በወረቀት ጽፋችሁ ቁልፉ ላይ እሰሩት።
7. የምታለብሱት አየር የሚያስገባ ይሁን። ድፍን ፕላስቲክ እርጥበቱን ውስጥ ይይዘዋል።

"በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ አስነስቼ አጠፋዋለሁ" የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ጥቅሙ ግን ትንሽ ነው። አምስት ደቂቃ ሞተሩን በደንብ አያሞቀውም፣ ባትሪውንም አይሞላም፤ በጭስ ማውጫው ውስጥ ውሃ ብቻ ይተዋል። ካስነሳችሁት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ንዱት፤ ካልሆነ አትንኩት።

▪️ ጋራዥ የግድ የሚሆነው መቼ ነው?

ዘይቱ ውሃ ከገባበት፣ ኪኩ አልላቀቅ ካለ፣ ግፊት ከሌለ፣ በተዋሳችሁት ካንዴላም ብልጭታ ካልመጣ፣ ወይም ከሞተሩ ውስጥ የብረት መንኳኳት ከሰማችሁ አታስቸግሩት፤ ባለሙያ ይየው።

ስትሄዱም "አልነሳ አለኝ" ብቻ ብላችሁ አትስጡ። "ቤንዚኑን ቀይሬያለሁ፣ ባትሪው 12.6 ነው፣ ብልጭታው ሰማያዊ ነው፣ ቾክ ሲመለስ ግን ይጠፋል" በሉ። ይህን የሰማ መካኒክ ሥራውን ካርቡሬተሩ ጋ ይጀምራል፤ እናንተም የምትከፍሉት ለተበላሸው ነገር ብቻ ይሆናል።

በሞተር የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ ይህን አካፍሉት።